መቶ ሰማንያ ዙር

ካሳነሽ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ከቀረች ወዲህ ወደ አባይ ዳር የሚደፍር ሰው ጠፋ። የገደላት ተኳሽ ከየትኛው ፎቅ ላይ እንደሚተኩስ የሚያውቅ አልነበረም። አስከሬኗን እንኳ ማንሳት አልተቻለም፤ ቢጫ ጀርካኗ ከአስፋልቱ ማዶ ተጋድሞ ከቤቱ ጣሪያ ላይ ይታይ ነበር። ወርቅውሃ አንድ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ በኩል ፊቷን አላዞረችም።

ወርቅውሃ በካርቱሙ አል-ማንሺያ ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ምግብ ሠሪ ሆና አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። ባሏ ሸዋንግዛው የዚያው ቤት ዘበኛ ነው። አገሩ ሳለ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የሚያስተምር፣ ጠመኔ ከጣቱ የማይለይ መምህር ነበር። የፖለቲካ ጣጣ መጣበትና በመተማ አቋርጦ ካርቱም ሲገባ ግን ዲፕሎማውን ገልጦ የሚያይለት አላገኘም፤ በር ጠባቂ ሆነ። ጦርነቱ በፈነዳ በሁለተኛው ሳምንት አሠሪዎቻቸው ሻንጣቸውን በሁለት መኪና ጭነው ወደ ግብፅ ሲሸሹ፣ እመቤቲቱ የቁልፉን ዘለላ ለወርቅውሃ አስጨበጧትና፣ «እናንተ የቤት ሰዎች ናችሁ፤ ኢንሻአላህ በሳምንት እንመለሳለን» ብለዋት ሄዱ። ይኸው ሦስተኛ ወሩን ያዘ።

በየቤቱ እንደነሱ የተተዉ ሐበሾች ነበሩ። መንገዱ ሲዘጋና ጥይቱ ሲበረታ አንድ በአንድ እየተሳቡ ወደዚህ ግቢ መጡ፤ ከኋላው ያሉት የሠራተኛ ክፍሎች በትልቁ ቤት ስለተከለሉ ይሻል ነበርና። ካሳነሽን ጨምሮ ሠላሳ አራት ነፍስ ሆኑ። ከነሱ አንዷ የሰባት ወር ልጅ ያቀፈችው ሶፍያ ናት። ወደ ሊቢያ ሊሻገር መጥቶ የቀን ሥራ ሲሠራ ጦርነቱ የቆለፈበት ንጋቱም አለ። ጎረቤት የቀሩ ጥቂት የሱዳን ቤተሰቦችም በፈረሰው አጥር እየሾለኩ ይመጡ ነበር።

የቧንቧው ውሃ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የጠፋው። የጣሪያውን ታንከር ጠጡ። ከዚያ የመዋኛ ገንዳውን እያፈሉ ጠጡ፣ አረንጓዴ እስኪሆን፣ ከታች ሸክላው እስኪታይ ድረስ። ገንዳው ሲያልቅ ካሳነሽ ናት «እኔ እሄዳለሁ» ብላ የተነሳችው።

በዚህ ጊዜ ሸዋንግዛው የሚያየው የለም። ካሳነሽ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ከባድ መሣሪያ ጎረቤት ቤት ላይ ወድቆ የወጥ ቤቱን መስኮት በሙሉ ፊቱ ላይ አራግፎበታል። ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተዋል። ጭኑም ውስጥ ስባሪ ገብቷል። ክፍት ሆስፒታል የለም፤ ቢኖርም እስከዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም። ወርቅውሃ በጨው ውሃ እያጠበች በአንሶላ ቅዳጅ ታስርለት ነበር፤ ውሃው ሲያልቅ ማጠቡም ቀረ። ደረጃው ስር ባለው ዕቃ ቤት ፍራሽ ዘርግታ አስተኝታዋለች።

ካሳነሽ በሞተች ማግስት ጠዋት ሸዋንግዛው ጠራት።

«ወርቄ፣ ዐም ኢሳ አሁንም ይመጣል?»

«ትናንት መጥቶ ነበር።»

«የመሽተሉ ጉድጓድ ፓምፕ ውስጡ እንዳለ ነው ወይ በይና ጠይቂልኝ።»

ዐም፣ ማለትም አጎት፣ የሚሉት ኢሳ የኑባ ተራራ ሽማግሌ ነው። በመሽተል ውስጥ፣ ችግኝ በሚሸጥበት ግቢ፣ ሠላሳ ዓመት አትክልተኛ ሆኖ ሠርቷል። መሽተሉ ከነሱ ቤት አራት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል። ጉድጓድ አለው፤ በጉድጓዱም ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለች። ግን ከህረባው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የለም፤ መብራቱ ከጠፋ ሰንብቷል። አንድ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ተሸክሞ ወስዶ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ድምፁን የሰሙ የታጠቁ ሰዎች መጡና ጄኔሬተሩንም ሰውየውንም ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚታይም የሚሰማም ነገር ማስቀመጥ ሞት ነው።

«ፓምፕዋ አለች» አላት ኢሳ በዐረብኛ። «ማንም አላያትም፣ ውሃው ውስጥ ናት። ግን ምን ታደርግልናለች?»

ሸዋንግዛው ይህን ሲሰማ ከፍራሹ ላይ ሊነሳ ሞከረ። «የኛ ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር አለ። ከመንገድ አይታይም። ኢንቨርተሩ እዚሁ ራስጌዬ ያለው ነው። ከዚህ እስከዚያ ሽቦ እንዘረጋለን።»

«የትኛውን ሽቦ?» አለች ወርቅውሃ። «ሸፍሻፋዎቹ መዳብ የሚባል ነገር ተዉልን እንዴ? ከግድግዳ ውስጥ ሳይቀር ነቅለው ወሰዱት።» ዘራፊዎቹን ሰዉ ሁሉ ሸፍሻፋ ነበር የሚላቸው።

«የስልኩን ሽቦ ትተውታል። ውስጡ ብረት ስለሆነ ንቀውታል።»

«እሱ እኮ ክር ነው።»

«ክር ነው፤ ልክ ነሽ። በቀጭን ቧንቧ ብዙ ውሃ አያልፍም። ግፊቱን በጣም ከጨመርሽው ግን በቀጭኑም ይሄዳል። እዚህ ሁለት መቶ ሃያውን ቮልት ወደ ሁለት ሺህ እናወጣዋለን፤ እዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ መልሰን እናወርደዋለን። የኔ መጫወቻዎች የት ናቸው?»

መጫወቻ የሚላቸው ሀብታሞቹ ከጣሏቸው ማይክሮዌቮች እየፈታ ያጠራቀማቸውን ከባድ ትራንስፎርመሮች ነው። ሥራ ሲፈታ በዘበኛ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሽቦ አቁሞ፣ በመሀላቸው ሰማያዊ የእሳት ምላስ እየተንቦገቦገ ሽቅብ ሲወጣ የቤቱን ልጆች ያሳይ ነበር። እሷ ያን ነገር እንደ እባብ ነበር የምትጠላው። ስንት ጊዜ ተጣልተውበታል። «አንድ ቀን ገድሎህ ገላህን እኔ ስጎትት እገኛለሁ» ብላዋለች። አንዴም ጥላበት ነበር፤ ከቆሻሻ መልሶ አመጣው።

«አልጋው ስር ናቸው» አለች።

«ማይክሮዌቭ የበላውን ሰው አይመልስም። ይህን አትርሺ። ሽቦው ኃይል ሲኖረው የነካው ሰው አለቀ። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው ቆሞ ብቻ። በስመ አብ ብለሽ ማይልኝ።»

ማለችለት።

ንጋቱና ኢሳ የስልኩን ሽቦ ከየምሰሶው አወረዱ። በየግቢው የፈረሰ አጥር ውስጥ ለውስጥ፣ ከመንገድ ሳይወጡ፣ ሁለት መስመር አድርገው ዘረጉት፤ ሽቦው ግድግዳ እንዳይነካ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት እየቆረጡ በዚያ አሾለኩት። ሁለት ቀን ፈጀ። አንዱን ትራንስፎርመር ኢሳ ችግኝ መያዣ ጆንያ ውስጥ ከቶ ወስዶ ከጉድጓዱ አፍ ስር ቀበረው። ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ ንጋቱ መጀመሪያ ሽቦውን የነካ ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ፣ ከዚያም ውሃው እስከ ወጣ ድረስ ከጉድጓዱ ዳር በመስታወት ፀሐይ ሊያንጸባርቅ፣ ሶፍያ ከደረጃው መስኮት ላይ ሆና አይታ ልትጮህ ተስማሙ።

በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወርቅውሃ ማብሪያውን ጫነች። ኢንቨርተሩ እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኸና ጠፋ። ደግማ ጫነች። ጮኸና ጠፋ።

«ተዪው፣ ተዪው፣ ታቃጥይዋለሽ!» አለ ሸዋንግዛው ከፍራሹ ላይ። ጥቂት ካሰበ በኋላ በመዳፉ ግንባሩን መታ። «የኔ ነገር! ትራንስፎርመሩ ሲነሳ እንደተራበ ጅብ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ሊውጥ ይላል። ድሮ ከከተማው መብራት ስለሆነ የምሰጠው ችሎት ነበር። ይቺ ኢንቨርተር ግን አትችለውም። ልጓም ያስፈልገዋል።»

«ምን ዓይነት ልጓም?»

«ባላስት። የፍሎረሰንት መብራቱ ውስጥ ያለችውን ታውቂያት የለ? እሷን መሳይ፣ ግን ትልቅ። ብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ በሱ በኩል ሲያልፍ ዝግ ይላል። በጣም ካጠበቅነው ፓምፕዋ አትነሳም፤ በጣም ካላላነው ኢንቨርተሩ ይጠፋል። በልኩ ነው የሚሠራው።» ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሲናገር ደም ይመጣ ነበር። «አስልቼዋለሁ። መቶ ሰማንያ ዙር። የምትሠሪውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ!»

«ዓርብ ዓርብ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሹሩባ የሠራሽው በምንድን ነው? ጣትሽ አንድ ዓይነት አድርጎ ያጠብቃል። ከዚህ በላይ ሙያ የለውም።»

ሦስተኛው ትራንስፎርመር ለዚህ ተሠዋ። ንጋቱ ብረቱ የተበየደበትን መስመር በብረት መጋዝ ሲገዘግዝ ዋለ፤ ድምፁ እንዳይሰማ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በዚያ የሐምሌ ሙቀት ላብ እንኳ ከገላው አልወጣም፤ የሚወጣ አልነበረውም። የውስጡ ሽቦ በመጋዙ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ስለነበር ወርቅውሃ ፈትታ፣ የብየዳ ሊድ አቅልጣ ቀጠለችው፣ በናስትሮ ሸፈነችው። በብረቱ ልክ የተጠረበ እንጨት ጭኗ ላይ አድርጋ መጠምጠም ጀመረች። ሸዋንግዛው አጠገቧ ተጋድሟል።

«ቫርኒሹን እንዳትጭሪው። የተጫረ ቦታ ከተጫረ ቦታ ጋር ከተነካካ ሁሉም ከንቱ ነው።»

«አትነዝንዘኝ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

ከመቶ ትንሽ እንዳለፈች የግቢው በር በሰደፍ ተመታ።

መሸሽ አልተቻለም። ሽቦውን ከለቀቀችው ደግሞ እንደ ምንጭ ተፈናጥሮ ሁሉም ይፈታል። ሶፍያ ናት ነገሩ የገባት፤ ሕፃኑን ለባልንጀራዋ ወርውራ መጣችና ፀጉሯን ፈትታ በወርቅውሃ ጉልበቶች መካከል ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ወርቅውሃ ጥቅሉን በቀሚሷ ሸፈነች፣ የሽቦውን ጫፍ በእግሯ ጣቶች ጨብጣ ያዘች፣ እጆቿን በሶፍያ ፀጉር ውስጥ ነከረች።

ሦስት ወጣቶች ገቡ። ፊታቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። ሁለቱ ወደ ላይ ወጥተው ቁምሳጥን ሲገለብጡ ይሰማል፤ ሦስተኛው፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምን ትሠራላችሁ?»

«ፀጉር» አለች ወርቅውሃ በዐረብኛ።

«ይሄስ?» ጠመንጃውን ወደ ሸዋንግዛው አዞረ።

«ባሌ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል። ይሸታል፤ አትቅረበው።»

ልጁ አየው፤ አየውና ዓይኑን መለሰ። «ሞያ ፊ?» አላት። ውሃ አለ ወይ ነው። ከግድግዳው ስር ባለችው ጀበና ውስጥ ለሶፍያ ልጅ የተቀመጠ አንድ ሲኒ የሚሆን ውሃ ነበር። ወርቅውሃ የሶፍያ ትከሻ ሲጠነክር በጉልበቷ ተሰማት። የለም ብትል ፈልጎ ያገኘዋል፤ ሲያገኘው ደግሞ ሌላም ይፈልጋል።

«ጀበናው ውስጥ አለ» አለች።

ልጁ ጨርቁን ከአፉ ዝቅ አድርጎ ከነጀበናው አንስቶ ጠጣ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ሁለቱም ሴቶች አዩ። ሲጨርስ አፉን ጠርጎ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ «አላህ ይባርክሽ» አላት። ሁለቱ የመጋረጃ ጥቅልና አንድ ቴሌቪዥን ይዘው ወረዱ፤ ደረጃው ስር ማንም ጎንበስ አላለም። «ያላ!» ተባባሉና ሄዱ።

ሶፍያ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ወርቅውሃ ቀሚሷን ገለጠች። ጥቅሉ አልተፈታም፤ የእግሯ ጣት ግን በሽቦው ተቆርጦ ይደማል።

«ቁጥሩ ጠፋኝ» አለች። «ሸዋ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ልፈታው ነው።»

«አትፍቺው» አለ ሸዋንግዛው። «ሽቦው ጥግ ሲዞር ይሰማኛል። መቶ አሥራ አራት ላይ ነሽ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሷ ጠመጠመች፣ እሱ ቆጠረ።

የብረቱን ሁለት ክፋይ መልሰው ሲገጥሙት በመካከሉ ክፍተት እንዲኖር ሸዋንግዛው የጫማ ካርቶን ቆርጣ እንድታስገባ ነገራት። ልጓሙን በልኩ የሚያላላው ክፍተቱ ነው፤ ያለሱ ከልክ በላይ ይጠብቃል አላት። በገመድና በእንጨት ሽብልቅ አስረው አጠበቁት። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ማብሪያውን ጫነች። ባላስቱ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፤ ኢንቨርተሩ አልጮኸም። በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል።

«መስታወት!» ብላ ሶፍያ ከመስኮቱ ጮኸች። «አበራ! እትዬ፣ አበራልኝ!»

እልልታ ሊወጣ ሲል አፋቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። አራት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ የባላስቱ ጉርምርምታ እየተለወጠ ሄደ፤ መስታወቱም እንደ ዕብድ መወዛወዝ ጀመረ። ውሃው ቆሟል ማለት ነው። አጥፍታ ብታበራ፣ አጥፍታ ብታበራ፣ ፓምፕዋ አልነሳ አለች። ንጋቱ ሁለት ጀርካን ይዞ ተመለሰ። በሻይ ብርጭቆ አከፋፈሉት። የሶፍያ ልጅ የደረሰውን ጠጥቶ መልሶ አስታወከው።

በማግስቱ ያ ሕፃን ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም። ሶፍያ ይዛው ደረጃው ስር መጣችና ከሸዋንግዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች። እሱ ማን እንደሆነች በትንፋሿ አወቃት።

«ልጄ፣ እኔ ከዓይኔ ጋር አእምሮዬም ሳይጠፋ አልቀረም» አላት። «ስሌቱ ልክ ነው። ለምን እንደቆመ አላውቅም። ይቅር በይኝ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወርቅውሃ አየች። በእስር ቤትም፣ በበረሃውም፣ ዓይኑ ሲጠፋም ሲያለቅስ አላየችውም ነበር። አሁን ጨርቁ ስር ከዓይኑ የሚወጣው እንባ ይሁን መግል ለይታ አላወቀችም።

ተናደደች። በማን እንደተናደደች አታውቅም። «ተነሳ!» አለችው። «በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ዝም በል ስልህ ዝም ያላልክ ሰው ዛሬ ነው ዝም የምትለው? ጠይቀኝ። ዓይንህ እኔ ነኝ፤ ያየሁትን ጠይቀኝ።»

ከዚያ ድምፁ ዝግ ብሎ መጣ። «ሊቆም ሲል ድምፁ እንዴት ነበር?»

ወርቅውሃ በአፏ አወጣችለት። መጀመሪያ እንደ ቀፎ፣ ወፍራም። ኋላ እየቀጠነ፣ እየታፈነ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«ፍቺና ካርቶኑን እይው።»

ሽብልቁን አወጣች። ወፍራም የነበረው የጫማ ካርቶን እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቶ፣ ጠርዙ ጠቁሮ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። ስትነግረው ሸዋንግዛው የሚስቅ መሰለ። «ብረቱ ራሱን በራሱ ይስባል እኮ! ክፍተቱን ጨፍልቆ ዘጋው፤ ልጓሙ ጠብቆ ፓምፕዋን አንቆ አቆማት። እኔ ደነዝ! የማይጨፈለቅ ነገር ነው የምንፈልገው። ጠንካራ ፕላስቲክ። ውፍረቱ የባንክ ካርድ፣ ሁለቱን ደርበሽ።»

የሷ የባንክ ካርድ ነበር፤ ባንኩ ራሱ ከተቃጠለ ሁለት ወሩ ነው። አንድ ግን አይበቃም።

«የኔን ቢጣቃ ጨምሪበት» አላት።

ቢጣቃው የስደተኛ መታወቂያው ነው። ያለሱ በየኬላው የቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁለቱም ያውቃሉ። «አይሆንም» አለችው። «ነገ መንገዱ ሲከፈት በምን ትወጣለህ?»

«ወርቄ፣ ጭኔን አሽትቺው።»

አላሸተተችም። ሽታውን ታውቀዋለች።

«እኔ የትም አልሄድም» አላት። «ካርዱ ይሂድልኝ።»

መቀሱን አነሳች። መጀመሪያ የሷን ቆረጠች። ከዚያ የሱን ወሰደች፤ ፎቶው ላይ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ያዩዋታል። በብረቱ በሦስቱ እግር ልክ፣ ድርብ ድርብ አድርጋ ቆረጠችው፤ ሁለት ካርድ ለሁሉም ልክ ሆነ፤ ያለ ምንም ትርፍ። ሽብልቁን መልሳ መታች፣ መታች፣ ንጋቱ ገመዱን በሙሉ ክብደቱ ጎተተ።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ አበራችው። ጉርምርምታው ወፍራም ሆኖ መጣ፣ አምስት ደቂቃም ወፍራም ነው፣ አሥርም ወፍራም ነው። ሸዋንግዛው እጁን ዘርግቶ «አስነኪኝ፣ እንጨቱን ብቻ» አላት። መዳፉን ይዛ ሽብልቁ ላይ አሳረፈችለት። ንዝረቱ በክንዱ በኩል እስከ ትከሻው ሲወጣ ይታይ ነበር። መስታወቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ አበራ። ሰዎች በፈረሰው አጥር በኩል በጀርካን፣ በድስት፣ በሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ውሃ ይዘው ጎረፉ። ሶፍያ ለልጇ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች ሰጠችው፤ ማታውን ልብሱን አረጠበ፣ እሷም ሽንቱን እንደ ሠርግ ዜና እየዞረች አወራች።

ወርቅውሃ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለባሏ ያዘችለት።

«ብረት ብረት ይላል» አለ።

«የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ምን ይሁን ትላለህ?»

«ምንም። ጥሩ ነው። ጨምሪልኝ።»

አራት ቀን ውሃ ጠጣ። ቁስሉም ታጠበ፤ ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። ጥቁረቱ ከጭኑ ወደ ሆዱ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ንጋቱን ጠርቶ ሽቦው ቢበጠስ እንዴት እንደሚቀጥል፣ ሶፍያን ጠርቶ መስታወቱ ድንገት ቢጠፋ ከመጮህ በፊት ማብሪያውን እንድታጠፋ አስተማረ። ማታውን ትኩሳቱ ሲያይል ክፍል ውስጥ ያለ መስሎት ለተማሪዎቹ ይናገር ነበር፤ ወርቅውሃን «አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ገብቶሻል?» አላት። «ገብቶኛል፣ ቲቸር» አለችው።

በአምስተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እጁ በእጇ እንዳለ ነፍሱ ወጣች።

ሴቶቹ እሪ ሊሉ ሲል ድምፃቸውን በነጠላቸው አፈኑት፤ ጩኸት የታጠቁትን ይጠራል። ወርቅውሃ አጠገቡ ቁጭ ብላ ቆየች። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት አላወቀችም። ብቻ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያያት ቀና አለች። ደጃፉ ላይ ጀርካን የያዙ ልጆች ቆመዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም።

ተነሳች። የባሏን ፊት በነጠላ ሸፈነችና ከራስጌው ያለውን ማብሪያ ጫነች።

ሽቦው ሥራውን ሲጨርስ በዚያው ውሃ ሸዋንግዛውን አጠቡት። ቄስ የለም፤ ንጋቱ ልጅ ሳለ ቆሎ ተማሪ ቤት የቆየ ነበርና የሚያስታውሰውን ያህል ደገመለት፣ የረሳውንም አቡነ ዘበሰማያት አልብሶ ሞላው። ኢሳ በመሽተሉ ውስጥ፣ ከሎሚ ዛፎቹ ስር፣ ጉድጓዱን ብቻውን ቆፍሮ ጠበቃቸው። «አፈሩ ለስላሳ ነው» አላት ወርቅውሃን። «እኔ ሠላሳ ዓመት አጠጥቼዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ መስመሩ ሠላሳ ሰባት ቀን ሠራ። አንድ ቀን ድመት ሽቦው ላይ ዘላ ወዲያው ቀረች፤ ሰዉ ሁሉ ፈርቶ ሁለት ቀን አልቀረበውም፣ ሦስተኛው ቀን ጥም አቀረበው። ሁለት ጊዜ በመሣሪያ ተበጥሶ ንጋቱ ቀጠለው። ወርቅውሃ ባላስቱን በየቀኑ እየዳሰሰች ሙቀቱን ታይ ነበር፤ ፕላስቲኩ እንዳይለሰልስ ብላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታስኬደውም፤ ቢለምኗትም አታስኬደውም። ጉርምርምታው ትንሽ ሲቀጥን ከማንም በፊት ትሰማዋለች፤ ሽብልቁን በመዶሻ ነካ ታደርገዋለች።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ከታጠቁት ጋር ተነጋግሮ ሐበሾቹን እስከ ገዳሪፍ ሊያወጣ ፈቃድ አገኘ። ከምሳ በፊት መውጣት ነበረባቸው። ሠላሳ ሁለት ሆነው ተሰበሰቡ። ኢሳ ግን አልሄድም አለ፤ በሰፈሩ የቀሩት የሱዳን ቤተሰቦች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ መሄጃ የላቸውም።

ወርቅውሃ ሽማግሌውን ደረጃው ስር ይዛው ገባች። ዐረብኛዋ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ለሽንኩርትና ለድስት እንጂ ለዚህ የሚሆን ቃል የላትም። በእጇ እያሳየች ነገረችው። መጀመሪያ መስታወት። ከዚያ ማብሪያ። ሽቦውን፣ ማብሪያው ጠፍቶም ቢሆን፣ አትንካ። ግማሽ ሰዓት። ጠብ እርግፍ ብትል ግማሽ ሰዓት።

«ገባኝ» አለ ኢሳ።

«አልገባህም፤ በል ንገረኝ።»

ነገራት። መስታወቱን ከማብሪያው በኋላ አደረገው። «አይደለም» አለችው። «እዚያ ቆሞ ሽቦውን የያዘ ሰው ካለ ገደልከው። እንደገና።» ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ሶፍያ ልጇን አዝላ፣ «እትዬ፣ ጥለውን ሊሄዱ ነው!» እያለች ከደጅ ትጣራለች። ወርቅውሃ አልተንቀሳቀሰችም። ኢሳ ደግሞ ነገራት፣ ዝግ ብሎ፣ ጣቱን እያጠፈ። አሁን ልክ ነው።

«አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አለችው።